ከሳሎን ሳይወጡ፦ ቁጠባ የወለደው የ«ፍሬንድስ» ክፍል እና ዛሬ የማይወለድበት ምክንያት

ሮስ ጥቁር የክት ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ይገባል። የሚሠራበት ሙዚየም የእራት ግብዣ አለ፣ ሰዓቱም እየገፋ ነው፤ ጓደኞቹ ግን ገና ናቸው። ሬቸል የምትለብሰው ጠፍቷታል። ጆይና ቻንድለር በአንዲት ነጠላ ሶፋ ተያይዘዋል። ሞኒካ ስልኩ ላይ ተጥዳለች። ለባብሳ የመጣችው ፊቢ ብቻ ነበረች፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ቀሚሷን ሁሙስ (ከሽምብራ የሚሠራ ማባያ) ይነካዋል። ታሪኩ ይኸው ነው። የሚሞት የለም፣ የሚጋባ የለም፣ ካሜራውም ከሞኒካ ቤት አይወጣም።

ይህ የአሜሪካው ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) «ፍሬንድስ» 3ኛ ሲዝን 2ኛ ክፍል ነው። በኤንቢሲ ቴሌቪዥን የተላለፈው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1996 ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ርዕሱ በአማርኛ «ማንም ያልተዘጋጀበት» እንደ ማለት ነው። የጻፈው አይራ አንገርላይደር፣ ዳይሬክት ያደረገችው ጌይል ማንኩሶ ናት። ከተከታታዩ 236 ክፍሎች ተመልካች ደጋግሞ ከሚያነሣቸው አንዱ ይሁን እንጂ የተፀነሰው በቁጠባ ነው። ዛሬ የዚህን ተከታታይ መብት ለመያዝ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚከፍሉት የስትሪሚንግ (እንደ ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት የሚያሳዩ) ድርጅቶች ግን እንዲህ ያለ ክፍል የሚወለድበትን አሠራር ራሳቸው አፍርሰውታል። እንዴት እንደሆነ ለማየት ከቀልዱ በፊት ሒሳቡን ማየት ይቀላል።

የሲትኮም ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም የሚከፈል ነው፦ የዋና ተዋንያኑ ደመወዝ፣ ስቱዲዮው፣ የካሜራና የመብራት ባለሙያው፣ ዓመቱን ሙሉ ቆመው የሚከርሙት ዲኮሮች። በ«ፍሬንድስ» ዘንድ እነዚህ ቋሚ ዲኮሮች የሞኒካ ቤት፣ ከኮሪደሩ ማዶ ያለው የወንዶቹ ቤትና ቡና ቤቱ ነበሩ፤ ታሪኩ ኒው ዮርክ ውስጥ ይሁን እንጂ ሁሉም የሚገኙት ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ፣ በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ነው። ሁለተኛው ወጪ ለሳምንቱ ብቻ የሚወጣ ነው፦ እንግዳ ተዋናይ፣ አጃቢዎች፣ ለአንድ ትዕይንት ተተክሎ በማግስቱ የሚፈርስ ዲኮር፣ ከስቱዲዮ ውጭ የሚደረግ ቀረጻ። ይህን ሁለተኛውን ወጪ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ክፍል በሙያው «ቦትል ኤፒሶድ» ይባላል፤ ጠርሙስ ውስጥ የታሸገ ክፍል ለማለት ነው። (አማርኛ ለኤፒሶዱም ለቤቱም «ክፍል» ማለቱ እዚህ ላይ ሳይታሰብ ገጥሟል።)

የ1996ቱን ሁኔታ ማወቅ ይጠቅማል። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ መጨረሻ፣ ከሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) ጨዋታ ቀጥሎ፣ ተከታታዩ ጁሊያ ሮበርትስን፣ ብሩክ ሺልድስንና ዣን ክሎድ ቫን ዳምን የጋበዘ የአንድ ሰዓት ክፍል አስተላልፎ ከ52 ሚሊዮን በላይ አሜሪካዊ ተመልክቶት ነበር። ከወራት በኋላ ደግሞ ስድስቱ ተዋንያን በአንድነት ተደራደሩ፤ እንደተዘገበው ከ3ኛው ሲዝን ጀምሮ እያንዳንዳቸው በአንድ ክፍል 75 ሺህ ዶላር እኩል ይከፈላቸው ጀመር። ስድስት ጊዜ 75 ሺህ 450 ሺህ ነው። ይህ ገንዘብ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም አይቀንስም። እንግዲያው ወጪ መቆጠብ የፈለገ አዘጋጅ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ከተከፈለበት ዕቃ አልፎ ሌላ አለመግዛት። ስድስቱ ተከፍሏቸዋል፣ ሳሎኑ ቆሟል፣ ሶፋውም አለ። ከእነዚህ ውጭ ምንም ሳይነካ የሚሄድ ታሪክ ካለ የተረፈው ገንዘብ ለቀሪዎቹ የሲዝኑ ክፍሎች ይዳረሳል። የ3ኛው ሲዝን ክፍሎች 25 ነበሩ። ሙከራው ስለተሳካ አዘጋጆቹ በኋላ ባሉት ሲዝኖችም በአንድ ቤት የሚያልቁ ክፍሎችን ልማድ አደረጓቸው።

ርካሽ ማድረጉ ቀላል ነው። ሳይሰለች 22 ደቂቃ ማስኬዱ ግን ከባድ ነው፤ አንገርላይደር ያደረገውም በዝርዝር መታየት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ተከለ። ሮስ ገና ሲገባ መውጫው ሰዓት ይነገራል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ቀልድ ደቂቃ ይበላል። ሁለት ሰው በሶፋ ሲጣላ ብቻውን ቢታይ የሕፃን ጨዋታ ነው። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሰዓቱን እያየ ሲነድድ ግን ያው ጠብ ክብደት ያገኛል። የቤት ውስጥ ክፍሎች ሲበላሹ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው፦ ሰዎቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ግን የሚያስቸኩላቸው የለም፤ ስለዚህ ያወራሉ፣ ወሬውም እንደ ወሬ ያልቃል።

ሁለተኛው በሮቹ ናቸው። የሞኒካ ቤት ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ ቤትና ወደ ኮሪደር የሚያወጣው በር አለው፤ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሰው ለማገናኘትና ለመለያየት ይህ ይበቃል። የድሮ የመድረክ ኮሜዲ ጸሐፊዎች በር የሚያበዙት ለዚህ ነበር። ስድስቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ ሳሎን ውስጥ ከቆሙ ሁሉም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ተራ መጠበቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ አንዱ ገብቶ ሌላው ይወጣል። ቀልዱም ያለው መመለሱ ላይ ነው፤ ሬቸል በሩን ከፍታ በወጣች ቁጥር ዓይናችን ቀድሞ የሚሄደው ልብሷ ላይ ነው፤ ለብሳ ይሆን?

ሦስተኛው፣ ለእኛ ከሁሉ የሚልቀው፣ አራቱን ታሪኮች የሚያያይዝበት መንገድ ነው። ተራ ሲትኮም ሁለት ወይም ሦስት ታሪክ ጎን ለጎን ያስኬድና መጨረሻ ላይ ያገጣጥማል። እዚህ ግን አንዱ ታሪክ ሌላውን ይወልዳል። የጆይና የቻንድለር ጠብ ሁሙሱን ያስነሣል፤ ሁሙሱ ብቸኛዋን ዝግጁ ሰው ከዝግጁነት ያወጣታል፤ ፊቢ እድፉን የምትሸፍንበት ስታጣ የገና ስጦታ የሚታሰርበት ትልቅ ሪባን ደረቷ ላይ ትለጥፋለች። ጠቡም ራሱ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፦ ጆይ የሶፋውን ትራስ ይዞ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ቻንድለር የጆይን የውስጥ ሱሪዎች ይደብቃል፣ ጆይ በምላሹ የቻንድለርን ልብስ በሙሉ ደራርቦ፣ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ ሳይኖር፣ ተመልሶ ይመጣል። እያንዳንዱ እርምጃ የሚጠቀመው ቀድሞ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ዕቃ ብቻ ነው። ትራስ፣ ሱሪ፣ ሪባን፣ ስልክ። ለዚህ ሁሉ የዕቃ ግዢ ክፍሉ ምን ያህል እንዳወጣ መገመት አያዳግትም።

ሞኒካ ለብቻዋ ናት። የተለየችው ፍቅረኛዋ ሪቻርድ በቴሌፎን መልስ መቀበያው ላይ መልእክት ትቷል፤ መልእክቱ አሮጌ ይሁን አዲስ አታውቅም። ትደውላለች፣ የራሷን መልእክት ትተዋለች፣ ታፍርበታለች፣ የመቀበያውን የሚስጥር ቁጥር ስለምታውቅ ገብታ ልታስተካክለው ስትል የባሰ ታበላሸዋለች። ይህ ታሪክ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዞ ላደገ ተመልካች ዛሬ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ነገር ግን አሠራሩ ብልህ ነው። ሪቻርድን የሚጫወተው ቶም ሴሌክ ውድ እንግዳ ነው፤ ሰውየው ሳይመጣ ጥላው ብቻ ሳሎኑ ውስጥ ይውላል። በተጨማሪም ጆይ ያን ሁሉ ልብስ እስኪደራርብ ድረስ ከመድረክ መራቅ አለበት፤ ያንን ጊዜ የሚሞላ ሌላ ታሪክ ያስፈልጋል።

ከዚያ ሳቁ ይቆማል። ሮስ ሬቸል ላይ ይጮኻል፤ በሰው ሁሉ ፊት። እሷ ወደ መኝታ ቤት ገብታ የቤት ልብስ ለብሳ ትወጣና አልሄድም ትላለች። እዚህ ላይ 300 ያህል ሰው የተቀመጠበት የስቱዲዮ ታዳሚ ሲበርድ ይሰማል። አንድ ክፍል ሙሉ በአንድ ቤት ሲካሄድ ይህን የመሰለ ብርድ የግድ ያስፈልገዋል፤ ሌላው ክፍል ቦታ በመቀየር የሚያገኘውን ለውጥ ይህኛው የሚያገኘው በስሜት ብቻ ነው። ይቅርታውም በንግግር አይመጣም፤ ሮስ ለመካስ አንድ ብርጭቆ የዶሮ ስብ ሊጠጣ ይነሣል፤ ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሬቸል ታስቆመዋለች። ብርጭቆውም ከዚያው ከወጥ ቤት የተነሣ ነው።

ቀረጻው እንዴት እንደሚከብድ ከውጭ አይታይም። የ«ፍሬንድስ» አንድ ክፍል ታዳሚ ፊት ሲቀረጽ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ትዕይንቱ ይደገማል፣ ያልሳቀ ቀልድ እዚያው ተቀይሮ ይጻፋል። በተራ ክፍል ያልሠራ ቀልድ ተቆርጦ ይጣላል፣ ትዕይንቱም ወደ ሌላ ቦታ ይዘልላል። ጊዜው ያለ ዝላይ በሚሄድበት ክፍል ግን የተቆረጠው ደቂቃ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፦ መኝታ ቤት የገባ ሰው ሳይገባ ይወጣል፣ እድፉም ሳይደፋበት ይታያል። በ6 ሰዓት ቀረጻ መካከል የሁሙሱ እድፍ ቅርጹንና ቦታውን እንዲጠብቅ የአልባሳት ክፍሉ ፎቶ እያነሣ ማወዳደር ያለበት ዓይነት ሥራ ነው።

ማስታወቂያውም ሥራ ነበረው። በ1996 ክፍሉ የተላለፈው በግማሽ ሰዓት የፕሮግራም ቦታ ውስጥ ነው፤ 22 ደቂቃው ታሪክ፣ የቀረው ማስታወቂያ። ተመልካቹ ማስታወቂያ ሲያይ እነዚያ ሰዎች እየለበሱ ነው የሚል ስሜት ነበረ። በስትሪሚንግ ያ ፋታ ተዘግቷል። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ክፍሉን ድሮ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ዛሬ ሲያየው የሚፈጥንበት አንዱ ምክንያት ሳትሆን አትቀርም።

አንድ ቦታ ማለት ርካሽ ማለት አይደለም

ከዚህ በፊት መንገዱን የጠረገ ሌላ የኒው ዮርክ ጓደኛሞች ሲትኮም ነበር። የ«ሳይንፌልድ» 2ኛ ሲዝን «የቻይና ምግብ ቤቱ» ክፍል ሜይ 23 ቀን 1991 ተላለፈ። ጄሪ፣ ጆርጅና ኢሌን ፊልም ከመግባታቸው በፊት እራት ሊበሉ ይመጣሉ፤ አስተናጋጁ «አምስት አሥር ደቂቃ» ይላቸዋል፤ ክፍሉ ሙሉ ያ አሥር ደቂቃ ነው። የኤንቢሲ ኃላፊዎች ስክሪፕቱን ሲያዩ ታሪክ የለውም ብለው ተቃወሙ፤ ከገጾቹ የጎደለ የመሰለውም ነበር። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ላሪ ዴቪድ እለቃለሁ እስከ ማለት ደረሰ። ጣቢያው ክፍሉን እስከ ሲዝኑ መገባደጃ አቆይቶ አስተላለፈው። ሦስቱ ተስፋ ቆርጠው በወጡ ቅጽበት ስማቸው ይጠራል።

ልዩነቱ ልብ ይባል። የቻይና ምግብ ቤቱ ለዚያ ሳምንት የተሠራ ዲኮር ነው፤ አስተናጋጁም፣ ስልኩን ይዞ አልለቅ ያለው ሰውዬም፣ በየጠረጴዛው የተቀመጡት አጃቢዎችም ተከፋይ ናቸው። በኦክቶበር 1991 የተላለፈው «የመኪና ማቆሚያው» ክፍል ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ አራቱ ጓደኞች በኒው ጀርሲ የገበያ ማዕከል መኪናቸው ይጠፋባቸዋል፣ ማቆሚያውን ለመሥራት ግን ቋሚው ዲኮር ተነሥቶ ስቱዲዮው ሙሉ ተይዟል፣ ሰፊ እንዲመስልም መስታወት ተተክሏል። እነዚህ የአንድ ቦታ ክፍሎች ናቸው እንጂ የቁጠባ ክፍሎች አይደሉም። ሁለቱን የሚያምታቱ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ለዛሬው ጥያቄ ግን ልዩነቱ ቁልፍ ነው።

ምክንያቱም የአንድ ቦታ ክፍል ዛሬም ሞልቷል። «ብሬኪንግ ባድ» በ2010 «ዝንቡ» የተባለውን ክፍል ያወጣው በጀት ስለጠበበው ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ዝንብ ሲያሳድዱ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። «ዘ ቤር» በ1ኛው ሲዝን ከወጥ ቤት ሳይወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆረጥ በአንድ ቀረጻ የሚሄድ ክፍል አለው። ድንቅ ነው፤ ቁጠባ ግን አይደለም። ሳይቆረጥ ለመቅረጽ የሚያስፈልገው ልምምድ፣ የካሜራ መንገድና ሠራተኛ ከተራ ቀረጻ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ድሮ ኪስ ሲሳሳ የሚጠራው ክፍል ዛሬ የሽልማት ክት ሆኗል።

ሒሳቡ ሲገለበጥ

ለምን እንዲህ ሆነ? የስትሪሚንግ ሲዝን 8 ወይም 10 ክፍል ነው። ከ25 ክፍል አንዱን ብታረክሰው ትርፉ ለ24 ይዳረሳል፤ ከ8 አንዱን ብታረክሰው ለ7። ይህ የገንዘቡ ወገን ነው፤ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ግን የታሪኩ ወገን ይመስለናል። ስምንት ክፍል ያለው ሲዝን እያንዳንዱን ክፍል ለዋናው ታሪክ ያስገብራል፤ ሰው ሶፋ ሲሻማ የሚያሳልፍበት ትርፍ ክፍል የለውም። ከሙዚየም እራት በፊት ያለው የሰዎቹ ግርግር የሚያስቀን ደግሞ ሰዎቹን አስቀድመን ስለምናውቃቸው ነው፦ ይህ ክፍል ሲተላለፍ ተመልካቹ ከስድስቱ ጋር 49 ክፍል አሳልፏል። በስምንት ክፍል ሒሳብ ይህ ስድስት ሲዝን ይሆናል፤ ስድስት ሲዝን የሚደርስ የስትሪሚንግ ኮሜዲ ደግሞ ጥቂት ነው።

የጸሐፊዎቹም ጉዳይ አለ። የ2023ቱ የአሜሪካ ስክሪፕት ጸሐፊዎች አድማ 148 ቀን ሲቆይ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው የአጭር ሲዝን አሠራር ነበር፤ ጥቂት ጸሐፊ ለጥቂት ሳምንት ተቀጥሮ ቀረጻው ሳይጀመር ይሰናበታል። አድማውን የቋጨው ስምምነት ዝቅተኛውን የጸሐፊ ቁጥር አስቀመጠ፦ እስከ 6 ክፍል ላለው ሲዝን 3 ጸሐፊ፣ ከ7 እስከ 12 ላለው 5፣ 13ና ከዚያ በላይ ላለው 6። ስክሪፕቱ እየተቀረጸ ሳለ ቀልድ የሚቀይር ሰው ከስቱዲዮው ካልኖረ ግን ታዳሚ ፊት የተፈተነ የበር ላይ ቀልድ አይገኝም።

በሌላ በኩል ገዢዎቹ የሚፈልጉት ይህንኑ የድሮውን ሥራ ነው። ኔትፍሊክስ «ፍሬንድስ»ን በ2019 ለአንድ ዓመት ለማቆየት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደከፈለ፣ ኤችቢኦ ማክስም በ2020 ሲጀምር ለአምስት ዓመት 425 ሚሊዮን እንደመደበ ተዘግቧል። የሚከፈለው ለብዛቱ ነው፤ 236 ክፍል ያለው ሥራ ሰው እራት እየበላ፣ ልብስ እያጠበ ለወራት ይከፍተዋል። ያንን ብዛት የሚያመርት ሥርዓት ግን ማስታወቂያ ባለበት መደበኛ ቴሌቪዥን ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። «አቦት ኤለመንተሪ» በኤቢሲ 2ኛ ሲዝኑን 22 ክፍል አድርጎ ሠርቷል፤ የቁጠባ ክፍል ዛሬ የሚፈለግ ከሆነ የሚፈለገው እንደዚህ ካለው ቤት ነው። በእኛም አገር «ቤቶች»ን ያየ ሰው አንድ ሳሎን ስንት ታሪክ እንደሚሸከም ያውቃል።

የብዛቱ ጥቅም ምን እንደሆነ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን በዚሁ ክፍል ቀረጻ የደረሰው አደጋ ነው። ጆይና ቻንድለር ወደ ሶፋው ሲሽቀዳደሙ ጆይን የሚጫወተው ማት ለብላንክ ዘልሎ ክፉኛ ወደቀና ትከሻው ወለቀ። ቀረጻው ተቋርጦ ተዋናዩ ወደ ሕክምና ተወሰደ። በዛሬው አሠራር ስክሪፕቱ በሙሉ ቀድሞ አልቆ ስለሚቀረጽ ለዚህ ዓይነት ጉዳት ያለው ምርጫ መጠበቅ ወይም መደበቅ ነው። የ«ፍሬንድስ» ጸሐፊዎች ግን ሳምንት በሳምንት ይጽፉ ነበር። ኦክቶበር 3 በተላለፈው ቀጣዩ ክፍል ጆይ ክንዱን በማንጠልጠያ አስሮ ገባ፤ አልጋው ላይ ሲዘልል ወድቆ ነው ተባለ፣ ታዳሚውም ሳቀ።